የውጭ ኃይል

ጠመኔ ልትወስድ መዝገብ ቤት የገባችው የፊዚክስ መምህርት፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ ባሏ ቃለ ጉባኤ ሲያነብ ሰማች። ባሏ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርና የዲሲፕሊን ኮሚቴው ጸሐፊ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ለንባብ የተፈጠረ ነው፣ የሸቀጥ ዝርዝር ቢያነብ እንኳ ሰው ቆሞ ያዳምጠዋል። «የተማሪዋ ቃል» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «‹የውጭ ኃይል› የሚለውን ቃል ማንም አላስተማረኝም። ከራሴ ነው ያመጣሁት። መምህሬ ያስተማሩኝ በመጽሐፉ እንዳለው ‹ውጫዊ ጉልበት› የሚለውን ነው። ለፈጸምኩት ጥፋት ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ቀጥሎ የርዕሰ መምህሩ ድምፅ መጣ። «እሰይ! እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ነው የምወደው። እንግዲህ ዓመቱን ትታገድ፣ የመልቀቂያ ፈተና ቅጽም አይሞላላት። ከሰዓት ኮሚቴው ተሰብስቦ ይፈርምበታል።» መምህርቷ የጠመኔውን ካርቶን እንደታቀፈች ደርቃ ቀረች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን ቶሎ ወደ ማኅተሟ መለሰች።

ቃሉ የልጅቷ አይደለም። የመምህርቷ የራሷ ነው፤ ለዚያውም የሃያ ዓመት ዕድሜ ያለው። ለስምንተኛ ክፍል የእንቅስቃሴ ሕጎችን ማስተማር ስትጀምር መጽሐፉ ላይ ያለውን «ውጫዊ ጉልበት» ነበር ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው። ግን በየዓመቱ፣ ያቺን መስመር ገና ጽፋ ሳትጨርስ፣ አንዱ ቀልደኛ ከኋላ ወንበር ሱሪውን ይሰበስብና ጉልበቱን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ውጫዊው ይኸው፤ ውስጣዊው የት ነው ያለው?» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። በሦስተኛው ዓመት ታከታትና «ውጫዊ ጉልበት»ን በዳስተር አጥፍታ «የውጭ ኃይል» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበቱን ያወጣ ተማሪ የለም። ተማሪዎቿ «ሰበቃ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። ሰበቃ ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚገታው ኃይል ነው፤ እሷም ምንም ነገር በፊቷ እንዲሁ ተንሸራቶ እንዲያልፍ አትፈቅድም። ስሙን ታውቀዋለች፣ ባትናገርም ትወደዋለች። አሁን ግን ይህን የሚያህል ነገር ከአፍንጫዋ ሥር ተንሸራቶ አልፎ፣ የሰማችው በኮምፔንሳቶ በኩል ሆነና ደሟ ፈላ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት በሰጠችው ፈተና ነው። «ከምታዩት ነገር ዕረፍት ላይ ላለ አካል ምሳሌ ስጡና በመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ አብራሩ፤ ሦስት ማርክ» ይል ነበር አራተኛው ጥያቄ። ከስልሳ ሁለት ተማሪ አብዛኛው ድንጋይ አለ፣ የቀረው ጠረጴዛ አለ። አንዷ ግን፣ ጥያቄ ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ለምን» እያሉ የሚጠሯት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ርዕሰ መምህራችን ሰልፍ ላይ በረንዳው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚያዩን። ሰንደቅ ሲወጣም፣ ሲወርድም፣ ዝናብ ሲመጣም እንደተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ ዕረፍት ላይ ያሉ አካል ናቸው። ኢነርሺያቸው ትልቅ ስለሆነ የውጭ ኃይል ካላነሣቸው በስተቀር እንደተቀመጡ ይኖራሉ።» ልጅቷ መቀለዷ አልነበረም፤ መቀለድ የማትችል፣ የተጠየቀችውን ብቻ የምትመልስ ልጅ ናት። መምህርቷ ሦስት ከሦስት ሰጠቻት፣ በቀይ «ጎበዝ» ብላ ጻፈችላት፤ ከዚያ ግን አንድ የማይረባ ነገር አደረገች። በሻይ ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። ሁሉም ሳቀ። የስፖርት መምህሩማ እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ «እስቲ ወዲህ በያት፣ በስልኬ ላንሣት» ብሎ ወረቀቱን ፎቶ አነሣ። በማግስቱ ፎቶው ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ፊዚክስ ከተማረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ዜና ግን በየቀኑ ይሰማል። በዜና ደግሞ የውጭ ኃይል ማለት ድንበር ተሻግሮ የሚመጣ፣ ገንዘብ የሚረጭ፣ መንግሥት የሚገለብጥ ነገር ነው። «ማነው ይሄ የውጭ ኃይል? ማነው እኔን ሊያነሣ የተላከው?» ብሎ በዚያ ጧት በኮሪደሩ ሲጮህ መምህርቷ ሰምታው ነበር። ሰምታም ስቃለች። ልጅቷን ለሁለት ቀን ከክፍል ሲያስቀሯትም «ይበርድለታል» ብላ ነበር፤ ባሏ «ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብሏት ስለነበር። ለካ አያያዙ እንዲህ ኖሯል።

የጠመኔ ካርቶኑን እንደታቀፈች ክፍል ገባች። ደወል ተደውሏልና ስልሳ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ተቀበላት፤ ሁለተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ሦስተኛውን ሕግ ልታስተምር ነበር አሰናድታ የመጣችው፤ ሐሳቧን ለወጠችና ከቦርሳዋ ብርጭቆ አወጣች፣ ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላችው፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። ይህን ልጆቹ ይወዱታል። ወረቀቱን በአንድ ጊዜ ላፍ ስታደርገው ብርጭቆው ንቅንቅ ሳይል ባለበት ይቀራል፤ የፊት ረድፎቹ «ይፈስብናል» ብለው ይሸሻሉ፣ የኋላዎቹ ያጨበጭባሉ። ላፍ አደረገችው። ብርጭቆው ቀረ። ያጨበጨበ የለም። «ለምን ቀረ?» አለች። «ቆሞ የነበረ ነገር መቆም ነው የሚፈልገው፤ ያ ጠባዩ ኢነርሺያ ይባላል። አውቶቡስ ድንገት ሲነሣ ወደ ኋላ የምትወድቁት፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ ፊት የምትደፉት ለዚያ ነው። ሹፌሩን አትሳደቡ፣ ሰውነታችሁ ነው የነበረበት መቅረት የፈለገው። ታዲያ የቆመን ነገር ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ምንድን ነው?» ማንም እጁን አላወጣም። ስልሳ አንድ ልጅ መልሱን አፉ ውስጥ ይዞ ያያታል። ዞረችና ሰሌዳው ላይ በትልቁ «የውጭ ኃይል» ብላ ጻፈች። ከኋላዋ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ አልሰማችም።

«ቲቸር» አለች የክፍል አለቃዋ፣ እንደ መነሣትም እንደ መቀመጥም ብላ። «ይጻፍ?»

«ለምን አይጻፍም?»

«ምክትሉ ትናንት ገብተው… ደብተራችን ላይ ያለውን እንድንሰርዘው አዘዋል። ‹ውጫዊ ጉልበት› በሉት ብለዋል።»

በየወንበሩ እየዞረች ደብተሮቹን አየች። በቀይ የሰረዘ አለ፣ በነጭ ቀለም የደፈነ አለ፣ ገጹን ጨርሶ የቀደደም አለ። አንዱ በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ፣ ውብ አድርጎ ሰርዞታል፤ ንጹሕ ልጅ ነው፣ ሁልጊዜም ሥራው እንዲያ ነው። «ጉልበት» የሚለው አዲሱ ቃል በስልሳ አንድ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ የሳቀ ግን አልነበረም፣ ሱሪውን የሰበሰበም አልነበረም። እሷን ያቃጠላት ይሄኛው ነው። እነዚያ ድሮ ያናድዷት የነበሩ ቀልደኞች ዛሬ ቢኖሩላት ምን ነበረበት! ባሏ ይህን አድርጎ ማታ ቤት ገብቷል። አብሯት ዜና አይቷል። የደም ግፊት ኪኒኗን መዋጧን ጠይቋታል፣ መብራቱን አጥፍቶ አጠገቧ ተኝቷል። ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም።

በዕረፍት ሰዓት መዝገብ ቤት ተመለሰች። ሠራተኛዋ በሩን መለስ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት። የመልቀቂያ ፈተና ምዝገባ ዛሬ ያልቃል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ታሽጎ በመልእክተኛ ወደ በላይ ቢሮ ይሄዳል፤ እስከዚያ ሁለት ጉርድ ፎቶና ምክትሉ የፈረመበት ቅጽ ያላስገባ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። «ያቺ ልጅ ደግሞ» አለች ሴትየዋ፣ «የምትጠብቀው ሌላ ዓመት ያላት አይመስለኝም። እናቷ ዘመድ ጋ ልትልካት ነው አሉ፣ ልጅ ልትይዝ።» ልጅ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የሰው ቤት ሠራተኛነት ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ደብተር የያዘ አላዩም። መምህርቷ ባዶ ቅጽ አንድ ጠየቀች። ሠራተኛዋ ግራ ቀኝ አየችና ሰጠቻት።

ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው። ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ኮሪደር፣ በር ሲከፈት ከግድግዳው የሚላተም ፍሪጅ። ምሳ ሰዓት ሁለቱም ለየብቻ ይመጣሉ፤ አብረው ከግቢ ከወጡ የመምህራኑ ወሬ አያልቅምና እንዲህ ለምደውታል። ግቢ ውስጥ «እርስዎ» ነው የሚባባሉት፤ እሱ «መምህርት» ይላታል፣ እሷ «ምክትል» ትለዋለች። ቤት ሲገቡ ጫማ እንደሚወልቀው ይህም ይወልቃል። ትናንት የተሠራውን ማካሮኒ አሙቃ ሰጠችው። ቲማቲሙ አንሷል አለ። ኪሎው የት እንደ ደረሰ አታውቅም እንዴ አለችው። አውቃለሁ አለ። ሹካው ሳህኑን ሲነካ ይሰማል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ሃያ ሁለት ዓመት በጋብቻ የኖረ ሰው ዝምታ ዓይነት አለው፤ ይሄኛው ግን ከሁሉም ዓይነት ውጭ ነበርና ባሏ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሰማሽ መሰለኝ» አለ።

«ሰማሁ። ግሩም አድርገህ ነው የምታነበው።»

«እስቲ ሳትቆጪ አዳምጪኝ። ሰውዬው ሪፖርት ሊያደርግ ነበር። ‹ማን አስተማራት› ብሎ ይዞኛል። የሚታገድ ሰው የግድ መኖር ነበረበት። አንቺ ወይ እሷ። አንቺ ጡረታሽ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። እሷ ልጅ ናት፤ አንድ ዓመት ቢያልፋት ምን ትሆናለች? አንቺን ከእሳት ነው ያወጣሁሽ።»

«እኔን ስታወጣ ማንን ነው የከተትከው?»

«ጮክ አትበይ።»

«ቃሉ የእኔ ነው! አንተም ታውቃለህ የእኔ እንደሆነ። የራሳችን ልጅ በዚህ ቃል ነው ተምሮ ያለፈው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ያስጠናኸው አንተ ነህ!»

«አውቃለሁ» አለ ባሏ፣ ማካሮኒውን እያየ። «ስለማውቅ አይደል እንዴ።»

ደህና ሰው ነው። እሷም ደህና ሰው መሆኑን ታውቃለች፤ የሚያናድደውም ይሄው ነው። መጥፎ ሰው ቢሆን ጮሃበት ይወጣላት ነበር። ይህ ሰው ግን ከቁርስ ሰዓት ጀምሮ የሚያስበው ለእሷ ነው፤ ለእሷ ብሎ የሰው ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ለእሷ ብሎ ስልሳ አንድ ደብተር አሰርዞ፣ አሁን ደግሞ ለእሷ ብሎ የቀዘቀዘ ማካሮኒ ይበላል። ማመስገን ይጠበቅባታል። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩ ከፍሪጁ ጋር ተላተመ።

የልጅቷ ቤት ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እናቷ ልብስ አጣቢና ተኳሽ ናት፤ አንዷ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮባት የሰው ሸሚዝ ሞልቶባታል፣ ለመግባት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። የቢሮ ሰዎች ሸሚዝ ነው፣ ኮሌታው በስታርች ደርቋል። ልጅቷ ከመሐል ቆማ ትተኩሳለች። መምህርቷን ስታይ ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችና ዩኒፎርም ያልለበሰ ሰውነቷን በሸሚዞቹ ለመጋረድ ሞከረች። ጥግ ላይ አንዲት የተዘጋጀች ሻንጣ አለች። እናትየዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንበር አቀረበች፤ መምህርቷ ገና ሳትቀመጥ እናትየዋ ማመስገን ጀመረች። «እግዜር ይስጥዎት፣ ባለቤትዎ ደግ ሰው ናቸው። በዚህ ጭቃ እዚህ ድረስ በእግራቸው መጥተው ነው የመከሩን። እንዲያ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?»

መምህርቷ እንደቆመች ጠየቀች። «ምን ብለው መከሯችሁ?»

እናት ወደ ልጅቷ ዞረች። ልጅቷ ካውያውን ነው የምታየው።

«ለምን» አለቻት መምህርቷ በቅጽል ስሟ። «ያንን ቃል ከየት እንዳመጣሽው ታውቂያለሽ። ለምን ከራሴ ነው ብለሽ ፈረምሽ?»

«ቲቸር አስተማሩኝ ካልኩ» አለች ልጅቷ፣ «ቲቸር ይታሰራሉ ብለውኛል። እኔ ከሆንኩ ግን ልጅ ስለሆንኩ አያስሩኝም። አንድ ዓመት ብቻ ነው።» ቆም ብላ፣ ልክ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደምትጠይቀው እጇን ግማሽ አነሣች። «ስህተት ነበር እንዴ ቲቸር? ሦስት ከሦስት ሰጥተውኛል እኮ።»

ባሏ ይህችን ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በዚያ ባማረ ድምፁ፣ መምህሯን በመውደዷ ይዟት ነበር። አላስፈራራም፣ አልጮኸም። አባታዊ ምክር መክሯል። ጥፋቱን ከራሱ ሚስት ትከሻ አንሥቶ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላይ ሲጭን፣ ልጅቷ እንድታመሰግነው አድርጎ ነው የጫነባት። ሌላው ቢቀር አንድ ሰው ቢያለቅስ! እናትየዋ ሻይ ልታፈላ ተነሣች። «አይፈላ» አለች መምህርቷ፣ ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ወጥቶ። «ዩኒፎርምሽን ልበሺ። ሁለት ጉርድ ፎቶ አለሽ?» ልጅቷ አለኝ አለች፤ ከወር በፊት ነው የተነሣችው፣ ደብተሯ ውስጥ ከትታዋለች። መልሱ ስህተት እንዳልነበረ የነገረቻት መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ «እሺ» አለች፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር እስኪደርሱ ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ግድግዳው ላይ የማንም ያልሆኑ ዋንጫዎች፣ መስኮቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ ያልታጠበ መጋረጃ። ርዕሰ መምህሩ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ፣ የስፖርት መምህሩ በግራው፣ የወላጆች ተወካይ የሆነው ባለ ሱቅ በቀኙ እያንጎላጀ፣ ባሏ ጫፍ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ። ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣ ሳታንኳኳ ገባች። ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ነበር።

«መምህርት፣ አልጠራንዎትም» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«አውቃለሁ። ቃል ልሰጥ ነው የመጣሁት። ምክትል፣ ይጻፉ።» ባሏ ብዕሩን አነሣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «‹የውጭ ኃይል› የሚለውን ቃል ለዚህች ተማሪ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለክፍሏም፣ ከእነሱ በፊት ለነበሩትም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ። ከዚህ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ያለፈ ሁሉ የጻፈው ይህንኑ ነው። የርስዎም የመጀመሪያ ልጅ ጽፎታል፣ ዘጠና ስድስት አምጥቷል። ግፊት ማለት ነው። አንድን ነገር ከውጭ የሚገፋው ወይም የሚጎትተው ነገር፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ልጅቷ ከራሴ ነው ያለችው እኔ እንዳልታሰር ተብላ ነው።» ማን እንዳላት አልተናገረችም። ባሏ ላይ ዓይኗን ተክላ ነበር፤ እሱ መዝገቡ ላይ ያቀረቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የስፖርት መምህሩ ሳል ሳል አለ። እሷም ዞረችበት። «አንተ ደግሞ በደንብ ስቀሃል። እንባህ ሁሉ ወርዷል። ያም ይጻፍ ወይ?»

«እሺ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ። «ቃሉስ የርስዎ ይሁን። ምሳሌዋስ? እኔን ምሳሌ ማድረጓስ? ይሄም ፊዚክስ ነው?»

«ዕረፍት ላይ ያለ አካል አምጡ ብዬ ነው የጠየቅኩት። ልጅቷ ያየችውን ጻፈች። እኔ እስከማውቀው መልሱ ትክክል ነው፤ ደግሜ ባርመውም ሦስት ከሦስት ነው የምሰጠው።»

ርዕሰ መምህሩ ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከዋንጫዎቹ ጋር ተጋጨ። «ምን አሉ? ምን አሉ እርስዎ?» ሲያንጎላጅ የነበረው የወላጆች ተወካይ በድምፁ ባነነ፣ ቀና ብሎ አየውና፣ «ውይ፣ ተነሡ እንዴ?» አለ፣ ስብሰባው ያለቀ መስሎት። የስፖርት መምህሩ አፉን በእጁ ያዘ። ርዕሰ መምህሩ ቆሞ መቅረቱንና ሁሉም እያየው መሆኑን ሲያውቅ መቀመጥም አቃተው፤ ቆሞ ነው የጨረሰው። «መልካም! የልጅቷ ጉዳይ ተዘግቷል፣ የርስዎ ተከፍቷል። ከዛሬ ጀምሮ ከማስተማር ታግደዋል። ለበላይ ቢሮ ይጻፋል። ሃያ ዓመት ያሉት ሁሉ ይጻፋል!»

«ይጻፍ» አለች። ሞልታ ፎቶዎቹን ያያዘችበትን ቅጽ ከቦርሳዋ አወጣችና ባሏ ፊት አኖረችው። «ጉዳዩ ከተዘጋ ይኸው፣ ይፈርሙ። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ነው የቀረው።» ባሏ ርዕሰ መምህሩን አየ፤ ርዕሰ መምህሩ መስኮቱን። ፈረመ። በሩን ከፍታ ቅጹን ለልጅቷ ሰጠቻትና «ሩጪ» አለቻት። የልጅቷ ጫማ ድምፅ በኮሪደሩ እየራቀ ሄዶ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ የበሩ መከፈት ተሰማ።

«መምህርት» አለ ባሏ በዚያ በማንበቢያ ድምፁ። «ቃልዎ ተጽፏል። ይፈርሙበት።» መዝገቡን አዙሮ ገፋላት፤ ጣቱን መፈረሚያው መስመር ላይ አድርጎ ነበር፣ ሌላ ቦታ እንዳታይ የፈለገ ይመስል። እሷ ግን ሰበቃ ናት፤ ከላይ ጀምራ አነበበች። የእጁ ጽሑፍ እንደወትሮው ጥርት ያለ ነው። ቀኑ፣ የተሰብሳቢዎቹ ዝርዝር፣ ከዚያ የእሷ ቃል፦ «ለተማሪዋም ሆነ ላለፉት ሃያ ዓመታት ለነበሩት ተማሪዎች ያስተማርኩት ‹ውጫዊ ጉልበት› የሚለውን ቃል ነው።»

ቀና አለች። ባሏ እያያት ነበር። ዓይኑ ይለምናል፤ ዝም በይና ፈርሚ፣ ልጅቷ ተመዝግባለች፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ፣ የተናገርሽውን ማን ያስታውሳል፣ የሚሄደው ወረቀቱ ነው። እውነቱን ነው፣ የሚሄደው ወረቀቱ ነው። ይህ ወረቀት ከሄደ እሷ መጽሐፉን ያስተማረች ምስጉን መምህርት ናት፣ ጡረታዋ ጡረታ ነው፤ ያ ቃል ግን ተመልሶ የልጅቷ ይሆናል፣ ሰኞ ጧት ርዕሰ መምህሩ ይህንኑ መዝገብ ገልጦ ምዝገባዋን ያሰርዛል። ባሏ ይህን አስቦበት እንደሆነ አላወቀችም። አስቦበትም ከሆነ፣ ሳያስበውም ቀርቶ ከሆነ፣ የትኛው እንደሚብስ መለየት አልቻለችም። ብዕሩን ከጣቱ ወሰደች፣ «ውጫዊ ጉልበት»ን በአንድ መስመር ሰረዘች፣ ከላዩ «የውጭ ኃይል» ብላ ሰሌዳ ላይ በምትጽፍበት ትልልቅ ፊደል ጻፈች። ከታች ፈረመች። ከዚያ መዝገቡን አዙራ መልሳ ገፋችለት።

«ስርዙ ላይ ፈርም» አለችው።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ፈርም» ማለቷን ሰማ። በዚህ ግቢ ውስጥ በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አንተ ብላው አታውቅም።

«ስርዝ ድልዝ ሲኖር ጸሐፊው ይፈርምበታል። ደንቡን የምታውቀው አንተ ነህ።»

ርዕሰ መምህሩ «ይፈርሙ እንጂ ምክትል» አለ፤ እሷን የሚከስበት ማስረጃ በሕጋዊ መንገድ እንዲጸና ፈልጎ ነው። ባሏ ብዕሩን ተቀበለ። ስርዙ አጠገብ ትንሽ ፊርማ አስቀመጠ። እሷ ቦርሳዋን አነሣች፣ የክፍሏን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ፣ ሹክ እንደማለት አድርጎ፣ ግን ሁሉም እየሰማው፣ «ማታ… ቤት ትመጫለሽ አይደል?» አላት።

«ቤቱማ ቤቴ ነው» አለች፣ ሳትዞር። «አንተ የት እንደምታድር አስብበት።»